በደጃፍ የተሳለ ሳር

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዕድላዊት ካሱ፤

የጌታ ሰላም አንቺ ባለሽበት ሁሉ ይብዛልሽ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የልጄን የዕዝራን ፎቅ ደረጃ እያጉረመረመ ለምዷል።

ስትደውይ ሰንብተሻል አሉ። አላነሳሁም። ዕዝራ ሲቆጣኝ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው አልኩት፣ መነጽሩ ግንባሬ ላይ ነበር። ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ፤ ስልኩን ካነሳሁ ከወዲያ በኩል ሽማግሌዎቹ ይኖራሉ ብዬ ፈርቼ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እጽፋለሁ፣ ዕዝራ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል፤ አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ከተማ በጽሑፍ መግለጽ አያቅተውም። ከቤት ስለወጣሁበት ጠዋት ግን አንድም ቃል እንዳትጽፊልኝ።

ከእጮኛሽ ከዳና ጋር ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ ለምትከፍቱት ካፌ ሐሳብ ሰብስብልኝ ብለሽኛል። እየሰበሰብኩ ነው። በመጀመሪያ ያስደነገጠኝ ግን ታክሲው ነው። ማታቱ ይሉታል። የእኛ ሚኒባስ ወገን ነው፤ ሆኖም ከጣሪያው እስከ ጎማው ቀለም ያልነካው ቦታ የለውም። አንዱ ላይ አንበሳ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ሌላው ላይ አንዲት አሮጊት ጡጫዋን ጨብጣ ለቡጢ ተዘጋጅታለች። ማን ናቸው ብዬ ረዳቱን ብጠይቀው የሹፌሩ አያት ናቸው አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና በኩራት ራሱን ነቀነቀልኝ። ከዚያ እስክወርድ አልሳቅሁም።

ከዕዝራ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጎን ላይ የአንዲት ሴት ፊት ተስሏል። አንዱ ዓይኗ የሁለት መስኮት ስፋት አለው። ከማዶ ሆኜ በእርምጃ ልለካት ወዲያ ወዲህ ስል፣ አላፊ አግዳሚው ገንዘብ የጠፋበት ሽማግሌ መስያቸው አብረውኝ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። አሥራ ስምንት እርምጃ ናት።

ካፌውን ደግሞ ስሚ። ያረጀ አውቶቡስ ነው። ሞተሩን አውጥተው በቦታው ምድጃ ተክለውበታል። ሰው እንደ ተሳፋሪ ተደርድሮ ቡናውን ይጠጣል፣ አስተናጋጇ በር ላይ ተንጠልጥላ ሁለት ሰው ሁለት ሰው እያለች ትጣራለች። የትም አይሄድም። ጠጥቼ ስጨርስ ግን አላስችል አለኝና በአማርኛ "ወራጅ አለ" አልኩ። ምን እንዳልኩ ማንም አላወቀም፣ ሁሉም አጨበጨበልኝ። ሲቀላ ስንት የቆመ አውቶቡስ አለ፤ ለዳና ንገሪው።

አጎትሽ አጵሎስ ኦይታ

*

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፤ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ አጵሎስ፤

ወጥተው በሰላም እስኪገቡ ጌታ በክንፉ ይሸፍንዎ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ቤትዎም ደህና ነው፤ የሽፈራውን ዛፍ አጠጣለሁ፣ ጦጣዎቹ ማንጎውን ሳይበስል ጀምረውታል። የጓሮውን በር ቆልፌዋለሁ፤ ክፍት ነበር።

አትጻፊ ብለዋል፤ ካልጻፍኩ ግን ማን ይነግርዎታል? ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነው መጡ፣ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው። ሽማግሌ ሳር ይዞ ከፊቱ ተንበርክኮ ያንን ሳር ተራምዶ የሚያልፍ ጋሞ የለም። ታርቄያለሁ ሳይሉ መንቀሳቀስ የለም። ጋሼ ይህን ከእኔ በላይ ስለሚያውቁ ነው ሳሩ መሬት ሳይነካ በጓሮ ወጥተው ሻንጣዎን ባጃጅ ላይ የጫኑት። የአውሮፕላንዎ ቀን እኮ ገና ሳምንት ይቀረው ነበር። ወዳጅዎ ጋሽ ብርሃነመስቀል እስከ ምሳ ሰዓት ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሳሩ እጃቸው ላይ ጠወለገ። ሲነሱ "መምህሩ አጥር ዘሎ ከክፍል ጠፋ" አሉ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም።

ሠርጉ ጥር 17 ነው። ሽማግሌዎቹ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ የሙሽራዋ አባትና አጎት ከአንድ ማዕድ ሳይቆርሱ አንመርቅም። ዳናም ያለ ምርቃት ቤት አልገባም ብሏል፣ እኔም እንደዚያው። እኔ የማውቀው አያቴ አባባ ኦይታ ባረፉ በወሩ አባዬ ፊታቸውን በቤትዎ የመንገድ ግድግዳ ላይ መሳሉን፣ እርስዎም በሦስተኛው ቀን በኖራ ማጥፋትዎን ነው። ስድስት ዓመት ሆነ። አባዬ ምዕራብ ዓባያ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ ይኖራል፣ እርስዎ ሲቀላ። እኔ በመሐላችሁ እመላለሳለሁ።

ይህን ልተወውና፣ ደብዳቤዎ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ቢያዩ። ዳና አውቶቡሱን ወዶታል፤ የት እናቆመዋለን ብሎ ግን ጠፍቶታል። ጥያቄም አለው። ሴትዮዋ የተሳለችበት ግድግዳ የተለሰነ ነው ወይስ ብሎኬቱ ይታያል? ከቀለሙ በፊት ስቱኮ አድርገውበት ይሆን? ዝናብ ሲመታው አይላጥም? ደግሞስ ያን የሚያህል ፊት ሲስሉ ልኩ እንዴት አልጠፋባቸውም? መወጣጫ ላይ የቆመ ሰው አፍንጫዋን እንጂ ፊቷን አያይም። ፎቶ ቢልኩልን ደግሞ ደስ ይለን ነበር።

ልጅዎ ዕድላዊት

*

ናይሮቢ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዕድላዊት፤

እግዚአብሔር የልብሽን መሻት ይስጥሽ፣ ጤናሽን ያብዛልሽ። እዚህ ዝናብ ነው። የመንገዱ ዛፎች ወይን ጠጅ አበባቸውን አራግፈው አስፋልቱን አልብሰውታል፤ የተማርኩበት መጽሐፍ ይህን አልነገረኝም።

ጥያቄው ደርሶኛል። ዳና ጭማቂ የሚጨምቅ ልጅ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ስቱኮ የሚጨነቀው? ያስተማርኳቸው ልጆች በሰው ስም ጽፈው ሲሰጡኝ እንኳ በእጅ ጽሑፋቸው እለያቸው ነበር። የሆነው ሆኖ ዕውቀት የጠየቀ አይከለከልምና እመልሳለሁ።

ግድግዳው የተለሰነ ነው። ከሥዕሉ በፊት በሩሎ ነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡታል፣ ስሙን አላወቅሁትም፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። የልኩ ነገር ግን ጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌላ ግድግዳ ሥር አራት ወጣቶች አገኘሁ። ንጹሑን ግድግዳ በፊደል፣ በቁጥር፣ በክብ፣ በዶሮ ጭረት ሞነጫጭረውታል። ደሜ ፈላ። የሰው ግድግዳ እንዲህ ይበላሻል ብዬ እንደ ክፍል ኃላፊ ጮህኩባቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ከዚያ አንዷ ስልኳን አሳየችኝ። ለካ ጭረቱ ሆን ተብሎ ነው። ግድግዳውን ከነጭረቱ ፎቶ ያነሱታል፣ ሊስሉ የፈለጉትን ፊት ስልኩ ላይ ከላዩ ያለብሱታል። መወጣጫ ላይ የወጣው ልጅ ፊቱን ማየት አያስፈልገውም፤ አፍንጫው ከሰባት ቁጥር ጎን ይጀምራል፣ ከንፈሩ ትልቁ ክብ ጋ ያልቃል ብሎ ይስላል። በኋላ ጭረቱ ከቀለሙ ሥር ይጠፋል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እነሱም ብሩሽ ሰጥተው ከጉንጩ አንድ ክንድ ያህል አስቀቡኝ። ሳቂብኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻዬን ሲያመኝ አደረ።

የሳምንቱ ካፌ ወሬ የማይወራበት ነው። ገብተሽ የምትፈልጊውን በጠመኔ በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ትጽፊያለሽ፣ አስተናጋጁ አንብቦ ያመጣል። ሃምሳ ሰው ተቀምጦ የማንኪያ ድምፅ ብቻ። የግድግዳው የምግብ ዝርዝር ላይ ሁለት የፊደል ግድፈት አየሁና በጠመኔዬ አረምኩት። ባለቤቱ መጣ፣ ሰሌዳዬን ወሰደና "ሌላስ?" ብሎ ጻፈ። ኬኩ ደረቅ ነው ብዬ ጻፍኩለት።

ፎቶን በተመለከተ፣ አልልክም። ፎቶ የፈለገ ሰው በራሱ ስም ይጠይቀኝ። ስለ ግድግዳውም አንድ ጊዜ ልናገርና ይብቃን፤ አባታችን ቤቱን ያወረሰው ለእኔ ነው፣ ግድግዳው የእኔ ነው፣ ኖራ የቀባሁት በመብቴ ነው። ደግሞም በቤተ ክርስቲያን የማገለግል ሰው ነኝ፤ የሰው ምስል ደጄ ላይ አቁሜ መግቢያ መውጫዬ ላይ ላየው አልችልም።

አጵሎስ ኦይታ

*

ሲቀላ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ አጵሎስ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ተቆጥቼ ነው።

አዎ፣ ጠያቂው አባዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ በጫነ መኪና ይመጣና ብሩሾቹን እያጠበ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። "ያ ሰውዬ ጻፈ እንዴ?" ይላል፤ ስምዎን አይጠራም። አነብለታለሁ። ወሬው ካፌ ላይ ሲደርስ ማጠቡን ይቀጥላል፤ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ውኃውን ይዘጋዋል፣ እንዳያመልጠው። ጭረቱ ጋ ስደርስ፣ ጋሼ፣ አባዬ ሳቀ። ወጣቶቹን ሲቆጡ፣ ከዚያ ይቅርታ ሲጠይቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጉንጩን አስቀቡት? እሱን?" አለ። በእርስዎ ነገር አባዬ ሲስቅ ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔም ሞኝ፣ ደስ ብሎኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

"በመብቴ ነው" የሚለው ጋ ስደርስ ተነሳ። ብሩሾቹን እንኳ ሳይጠርግ ሄደ። ሦስት ቅዳሜ ቀረ። ምዕራብ ዓባያ ድረስ ሄጄ ባገኘው "ይበቃል፣ አታንብቢልኝ" አለኝ።

ካፌ ከእንግዲህ አይፈልጉልኝ። የዳና ቤተሰብ የሠርጉን ድንኳን እንያዝ ወይስ እንተው እያሉ ነው፤ እስከ ገና ድረስ ታገሡኝ ብያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የምላቸው የለኝም። ሁለታችሁንም እወዳለሁ፣ ሁለታችሁም ግን አቃጥላችሁኛል። እርስዎ አራት ሺህ ሰው ያስተማሩ፣ አባዬ የከተማውን ስም ሁሉ በእጁ የጻፈ፤ የእኔን አንድ ቀን ግን ማቃናት አቃታችሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የራሴ ነው። ስለ ምስል የጻፉት ምክንያት አልተዋጠልኝም። ሳሎንዎ ውስጥ የባለቤትዎ የእትዬ ኑኃሚን ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የአባባን ፊት ለምንድን ነው ያጠፉት?

ዕድላዊት

*

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕድላዊት፤

ጌታ ያጽናሽ። ይህን ደብዳቤ ለአባትሽ አንብቢለት፤ አልሰማም ካለ ደግመሽ አንብቢለት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ሦስት ቀን ወረቀት አልነካሁም። እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ ዕዝራ ሊያዝናናኝ ብሎ አንድ ካፌ ወሰደኝ። ወንበሮቹ ሁሉ ከየቤቱ የተለመኑ ናቸው፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም ወንበር ነው አለኝ። እሱ ላይ ልቀመጥ ጓጉቼ ነበር። ደጃፉ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። ከበሩ ፊት፣ ሰው በሚረግጠው ሲሚንቶ ላይ፣ ሳር ታጭዶ ተቀምጧል። ታጭዶ የምልሽ እንደዚያ ስለመሰለኝ ነው፤ ተስሎ ነው። ጫፉ ጠቆር ያለ፣ ሥሩ ነጣ ያለ። ዝናቡ አሁን ማባራቱ ስለሆነ እርጥብ ነው።

ዕዝራ ረግጦት ገባና ዞሮ አየኝ። "አባዬ፣ ቀለም እኮ ነው" አለኝ። ቀለም መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ አንድ እርምጃ መሄድ ግን አልቻልኩም። ሰው በግራ በቀኝ እያለፈኝ ይገባል፣ ልጄ አፍሮ ስልኩን ያያል። የሳለችው ልጅ እዚያው ታስተናግዳለች፤ ወጥታ እግርዎን አመመዎት ወይ አለችኝ። አይ፣ በአገሬ ሳር እንዲህ ከፊትህ ከተቀመጠ ታረቅ እየተባልክ ነው አልኳት። "ከማን ጋር ተጣልተው ነው?" አለች። ከወንድሜ ጋር አልኳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ካሱ ሥራ በዝቶበት ነው ነበር የምለው። ልጅቷ ወንበር አውጥታ ደጅ አስቀመጠችኝ፣ ቡናዬን እዚያው ጠጣሁ። ሳልገባ ተመለስን።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። አባባ በካሱ ቤት ምዕራብ ዓባያ ታሞ የተኛ ጊዜ "አጵሎስን ጥሩልኝ" አለ፤ ካሱ ደወለልኝ። የተማሪዎቼ የመጨረሻ ፈተና ነበር። ሁለት ቀን ቀርቶኛል፣ እንደጨረስኩ እመጣለሁ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ወረቀት ስሰበስብ ሞተ ብለው ነገሩኝ። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፣ ልጄ።

ከዚያ ካሱ ያንን ፊት ሳለ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ያየኛል። ፈተናው አለቀ ወይ የሚለኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን ቻልኩ፣ ሁለተኛውን ቀን ቻልኩ፣ በሦስተኛው ኖራ በጠበጥኩ። ሰው ሲጠይቀኝ የእግዚአብሔርን ቃል መሸሸጊያ አደረግሁት። ዋሸሁ። ወንድሜ ያዘነበትን የእጁን ሥራ ደመሰስኩት፣ ጥፋቱን ደግሞ ለእሱ ሰጠሁት። ሽማግሌ ፊት መናገር የሚገባኝ ይህ ነበር፤ ከዚህ ነው በጓሮ የሸሸሁት።

ታኅሣሥ 24 አርባ ምንጭ እገባለሁ፣ ትኬቱ ተቆርጧል። ለጋሽ ብርሃነመስቀል ንገሪልኝ፤ ሳሩን ይዘው ይምጡ፣ በፊት ለፊቱ በር ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። ካሱ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ባይመጣ አልፈርድበትም።

ፎቶዎቹን ሁሉንም ልኬያለሁ፤ ሴትዮዋን፣ ጭረቱን፣ ሳሩን። ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

አጵሎስ

*

ምዕራብ ዓባያ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፤

ጌታ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ሰላምታ ማሳመር አልችልበትም፣ ከታፔላ የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። ዕድላዊት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ጻፊልኝ ብላት በራስህ እጅ ጻፍ ብላ እምቢ አለችኝ።

ፎቶዎቹን አየሁ። ጭረቱን በሱቅ ግድግዳ ላይ ሞክሬው ባለሱቁ ሊያባርረኝ ነበር፤ ይሠራል ግን። ሳሩን የሳለችው ልጅ እጅ አላት። እኔም ብሆን አልረግጠውም ነበር።

አሁን የእኔን ስማ። አባባ ሲጠራህ ደወልኩልህ፣ ፈተና ላይ ነኝ አልክ። ተመልሼ ነገርኩት። ምን እንዳለ ታውቃለህ? "ይፈትን። ልጆቹ ዓመት ሙሉ የለፉበት ነው፣ ጥሏቸው እንዳይመጣ" አለ። ውኃ ጠየቀኝ፣ ጠጣና ተኛ። ቅር አላለውም ወንድም ጋሼ፣ እንዲያውም ኮርቶብህ ነበር። ይህን በቀብሩ ቀን ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ትንሽ ይጸጸት ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ ኖራው መጣ፤ በእልህ ጭራሽ ቀበርኩት። አንተ በጓሮ ወጣህ፣ እኔ የአባቴን ቃል ይዤ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳሩን ለሁለታችንም ይያዙት።

ስለ ሥዕሉም ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። የሳልኩት ከቀበሌ መታወቂያው ላይ ነው። ማኅተሙ ግራ ጆሮው ላይ አርፎ ሸፍኖታል። በግምት ሳልኩትና ተበላሸ፤ የአባባም የማንም ጆሮ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ላስተካክለው ብሩሼን ይዤ ስመጣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ሳልነግርህ ተመለስኩ። ከንዴቴ ግማሹ ላንተ ነበር፣ ግማሹ ለራሴ፤ ሰው ሁሉ ያንን ጆሮ አይቶ ሄዷል እያልኩ።

ታኅሣሥ 24 አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የምጠብቅህ እኔ ነኝ። ስንገናኝ ብዙ ዝም ብዬ ካየሁህ አትቀየመኝ፣ ግራ ጎንህንም ዞር አድርግልኝ። ዕድላዊት ናት ያስታወሰችኝ፤ የአባባ ጆሮ ያለው አንተ ላይ ነው።

ታናሽህ ካሱ